ማሽኑን ሚካኤል ያስከበርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ እሷ ሳልነግራት የምታውቀው ብዙ ነው፣ ይህን ግን አታውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ጾም የሻርኩትን፣ የዋሸሁትን፣ በቅዳሴ መሃል የሳቅኩትን ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ። ይህቺን ግን እንዴት ብዬ እጀምራታለሁ? «አባቴ፣ ሁለተኛው የኔትወርክ ካርድ ጠዋት እንዳይነሳ አድርጌ ነበር» ብላቸው ስግደት ያዙኛል ወይስ ጠበል ይሰዱኛል? እያልኩ በቀልድ ሸፈንኩት። እኔ ሁሉን በቀልድ የምሸፍን ሰው ነኝ። ቀልዱ ሲያልቅብኝ ደግሞ አጋንናለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ታደለ በሬ ጠፋብኝ ካለ፣ የጠፋችበት ዶሮ ናት» ይላል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዛሬ እንደ ንስሐ አባት ሆነህ ስማኝ። ማጋነኔን ሙሉ በሙሉ ልተወው አልችልም፤ ጥፋቱ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲትም አልቀነስኩም።

የምሠራው እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቢሮው አይደለም። ሥራዬ ኮምፒውተሮቹን መጠበቅ ነው። ከሁሉም አንዱ፣ ሰርቨር የምንለው፣ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ለብቻው ይቀመጣል። ወደ በላይ የሚላክ ነገር ሁሉ፣ የመምህራን የዝውውር ማመልከቻም ጭምር፣ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። መብራቱ ስለማያስተማምን ሁልጊዜ ከሥራ ስንወጣ እናጠፋዋለን፤ ጠዋት እኔ አበራዋለሁ።

እንዲህ ያለ ማሽን ጠዋት ሲነሳ ማን እንደሆነ አያውቅም። አድራሻውን፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ከአንድ ፋይል ላይ ነው የሚያነበው። ፋይሉ አጭር ነው፤ ከአንድ የመሸኛ ደብዳቤ አይበልጥም። «ይህን ካርድ አስነሳ፤ ይህን አድራሻ ስጠው፤ መውጫው ይህ ነው» ይላል። ማሽኑም ሳይጠይቅ፣ ሳያጉረመርም፣ ያለውን ያደርጋል። የእኛው ሁለት ካርድ ነበረው። አንደኛው ፊቱን ወደ ቢሮው ክፍሎች ያዞረ ነው፤ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ዓለም ያዞረ። ፋይሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ማንም የማያነበውን ነገር የሚጽፍ ሰው ምን ያህል እንደሚፈተን ታውቃለህ? እኔ አሁን አውቃለሁ።

ወር በገባ በአስራ ሁለት የሚካኤል ጽዋ አለኝ። ማኅበርተኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ፤ እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ ጠላው ሲንቆረቆር ከሩቅ ይሰማኛል። አለቃችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፈቃድ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «የሰዓት ፊርማውን ሚካኤል የሚፈርምልህ ከሆነ ሂድ» ይሉኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኔትወርክ የጠፋ ቀን፣ እሳቸው ራሳቸው እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀው «ወንበር ከምታሞቁ በየቤታችሁ ሂዱ» ብለው ያሰናብቱናል።

እንግዲህ የዚህን ሁሉ ጣጣ መነሻ አገኘኸው። አንድ ቀን ተቀምጬ በዚያች ፋይል ላይ ስድስት መስመር ጨመርኩ። «ሁለተኛውን ካርድ ከማስነሳትህ በፊት ቀኑን እይ። በእኛ አቆጣጠር አስራ ሁለት ከሆነ ተወው፣ ይተኛ።» ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ የአስራ ሁለቱን ወር ሚካኤሎች አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ መልሼ በሰንጠረዥ አስቀመጥኩለት። ስጨርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ማሽኑን ሚካኤል አስከበርኩት! በደቡብ ጎንደር፣ እንዲያውም ልጨምርና በዓለም ላይ፣ የወር በዓል የሚያከብር ብቸኛው ሰርቨር የእኔ ነበር።

ማንም አልጠረጠረም። እዚህ አገር ኔትወርክ ጠፋ ሲባል የሚደነግጥ አለ? ማተሚያው ይሠራል፤ ክፍል ለክፍል መልእክት ይደርሳል፤ ወደ ውጭ ግን ምንም። እኔ ፊቴን ጨምድጄ ኬብል ነካ ነካ አደርግና «መስመሩ ከባሕር ዳር ነው የተቋረጠው» እላለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ጽዋው ቤት ነኝ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርኩ። በእነዚያ ሚካኤሎች ከሩቅ መጥቶ «ነገ ተመለስ» የተባለው ሰው ስንት ነው? አልቆጠርኩም። ሊቆጥር የሚገባው ሰው ጠላ እየጠጣ ነበር።

ይህን ሁሉ በቀልድ ልነግርህ እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አልችልም።

ከእኛ ጋር የሚሠራ ኑሩ የሚባል ልጅ አለ። ልጅ እላለሁ፣ ያኔ ሠላሳ ሊሞላው ነበር። ማመልከቻዎቹን ወደ ሲስተሙ የሚያስገባው እሱ ነው። አባቱ ከገበያው ዳር ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሱ ደግሞ ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው፣ ቃል እንደ ጨርቅ በክንድ ነው የሚመትረው። በእኔ ሚካኤሎች ሁላችንም በደስታ ስንበተን ኑሩ ወንበሩን አይለቅም። «ምናልባት ይመለስ ይሆናል፤ ሰው ደክሞ ይመጣል» ይላል። እኔ በዚህ እስቅበት ነበር። ተመልከት፣ በሰው ትጋት እስቅ ነበር።

ዘመነ ዮሐንስ በገባበት በዚያ ዓመት የመምህራን ዝውውር ምዝገባ መዝጊያው ኅዳር አስራ አንድ ሆነ። ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቀንና በማግስቱ ግን የዓመት ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ በማግስቱ የሚካኤል ጽዋ ተራው የእኔ ስለሆነ ቤቱ በዝግጅት ተይዟል፣ የቅበላውንም በግ መግዛት ነበረብኝ። ስለዚህ ጠዋት ማሽኑን ያበራው ኑሩ ነው።

የቀሩት አመልካቾች ቀድመው ጨርሰዋል። አንዲት መምህርት ብቻ ቀርታ ነበር፤ ስመኝ ትባላለች። ጉና ሥር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አምስት ዓመት አስተምራለች። የርእሰ መምህሩ ፊርማ ስለዘገየባት በመጨረሻው ቀን ገስግሳ መጣች። የጠየቀችው ወደ ሐሙሲት ለመዛወር ነው። ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ እዚያ ከአያቷ ጋር ናት፤ ጉና ላይ ያለው ብርድ የልጅቷን ደረት እያፈነ ስላስቸገረ ነው ከእናትዋ የተለየችው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ገብታለች። ወረቀቱ በዚያ ቀን ካለፈ እናትና ልጅ ይገናኛሉ። ካላለፈ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ በግ ተራ ቆሜ ሳለሁ ኑሩ ደወለ።

«ጋሽ ታዴ፣ ወደ ውጭ አይወጣም። እዚህ አንዲት መምህርት አለች፣ ዛሬ መጨረሻዋ ነው።»

«አጥፍተህ አብራው» አልኩት።

«አጥፍቼ አበራሁት እኮ።»

«እንግዲያው ደግመህ አጥፋው!»

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ሲደውል ድምፁን አጠፋሁበት። ኑሩ እኔ እንዳልኩት አደረገ። ሰባት መቶ ጊዜ አጠፋ፣ ሰባት መቶ ጊዜ አበራ ብል አጋነንኩ፤ አስራ አራት ጊዜ እንደሆነ በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ፋይሏን ያነባል፣ ቀኑን ያያል፣ ሁለተኛውን ካርድ ይተወዋል። ሺህ ጊዜ ቢያጠፋው ሺህ ጊዜ ያው ነው።

ለምን በአስራ አንድ? እኔም ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ዋጋ ስከራከር ውዬ የበግ ቀንድ ይዤ። ባለበጉ ከደጋ የወረደ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሽማግሌ ነበር። በጉን ለቅቄ ልሄድ ስል ጮኸብኝ።

«ዛሬ ያልገዛኸውን መቼ ልትበላው ነው? ጾሙ እኮ ዘንድሮ አንድ ቀን ቀድሞ ነው የሚገባ!»

«በምን ምክንያት ነው የሚቀድመው?»

«ዮሐንስ አይደለም እንዴ! ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት አድርጎ አልወጣም? ገናም በሃያ ስምንት ነው። የቢሮ ሰው መስለኸኝ ነበር፤ ቀን እንኳ አትቆጥርም?»

በግ ተራው መሃል ደርቄ ቀረሁ። አንድ ቀን! ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት የእኛ አስራ ሁለት በፈረንጁ ላይ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል፤ የእኔ ሰንጠረዥ ይህን አያውቅም። መስከረም አስራ አንድ እሁድ ስለነበር ቢሮ ዝግ ነው፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ እኔ ሥልጠና ሄጄ ነበር። ስለዚህ ሳላየው አለፈ። አሁን ማሽኑ ሚካኤልን በዋዜማው እያከበረ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም። መስመሩ አልተቆረጠም። እኔ ነኝ።

አሁን በደንብ ስማኝ፣ ምክንያቱም ጥፋቴ ስድስቱ መስመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቢሮው የሚዘጋው አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ከበግ ተራ እስከ ቢሮ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ በግ እየጎተትኩ ብሄድ ግማሽ ሰዓት። መሄድም አያስፈልግም ነበር። ካርዱን በእጅ ለማስነሳት አንዲት የትእዛዝ መስመር ትበቃለች፤ በስልክ ፊደል በፊደል ባነብለት ኑሩ ይጽፋት ነበር። በስልኬ ላይ የኑሩ ጥሪ ተደርድሯል። የሴትዮዋ የመጨረሻ ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ሁሉን አውቃለሁ። አልደወልኩም።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ኑሩ «እንዴት አወቅህ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያንን ሁሉ ሚካኤል ወደ ኋላ ቆጥረው ይደርሱብኛል ብዬ ፈራሁ። በሆዴም «ምናልባት ራሳቸው አንድ ዘዴ ያገኙ ይሆናል» አልኩ። ማን ነው ዘዴ የሚያገኘው? ቁልፉን የያዝኩት እኔ ብቻ! በጉን ገዛሁ። እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የገዛሁትም በግ በዚያ ገበያ ካሉት ሁሉ ከሲታው ነበር፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምነግርህ፣ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

በቢሮ የሆነውን በኋላ ከብዙ ሰው አፍ ሰማሁ። የመዝጊያው ቀን ስለሆነ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ቀን ማንንም አላሰናበቱም። መምህርቷ ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ዋለች። አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ተነሳች። አላለቀሰችም። ኑሩን ቀና ብላ አይታ «እኔን ከልጄ እንደለየኸኝ አንተንም ከልጅህ ይለይህ» አለችው። የኑሩ ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያቸው። መምህርቷ ይህን አላወቀችም። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ያውቅ ነበር፣ ሁሉም ወለል ወለሉን አየ አሉ።

በማግስቱ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ተነሳ። ኑሩ እየሮጠ ወረቀቷን ሊልክ ሞከረ፤ ምዝገባው ተዘግቷል።

ሰኞ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ፋይሏን ከፍቼ ስድስቱን መስመር መሰረዝ ነው። ከመሰረዜ በፊት አየኋቸው። ንጹሕ፣ አጫጭር፣ ማንንም የማይነኩ የሚመስሉ መስመሮች ነበሩ። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁላችንን ሰበሰቡ።

«አንድ ቀን ሞቶ በማግስቱ የሚነሳ ማሽን አላውቅም» አሉ። «ኑሩ፣ ምን አደረግኸው?»

«አጠፋሁት፣ አበራሁት።»

«ስንት ጊዜ?»

«አስራ አራት።»

«አስራ አራት ጊዜ! ማን አጥፋው አለህ?»

ኑሩ ወደ እኔ አልዞረም። «ራሴ ነኝ» አለ። እኔ በፈቃድ ላይ ስለነበርኩ እንዳልነካ ብሎ ነው። ጋሽ ታዴን ከነገሩ አወጣው። እኔስ ምን አደረግኩ? ዝም ብል እንኳ ባልከፋ ነበር። ቀለድኩ። «ኑሩ፣ አደራህን ፀሐይዋን እንዳትነካት» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ሳቁ፤ እየሳቁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘዙበት። ያቺ ቀልድ ለወራት ኖረች። ኑሩ ማብሪያ ማጥፊያ በነካ ቁጥር አንዱ «ፀሐይዋን!» ይላል። እሱም አብሮ ይስቃል። ከሁሉም የከፋው ግን ጥፋተኛው እሱ እንደሆነ ማመኑ ነው። ማሽኑን በእጁ እንደገደለ፣ አንዲት ሴትን ከልጇ እንደለየ፣ እርግማኑም በሚስቱ ማሕፀን ላይ እንደተቀመጠ አመነ።

ታኅሣሥ ላይ ከጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ከስቶ ነበር።

«ጋሽ ታዴ፣ ሽማግሌ ሁነኝ። ጉና ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ሚስቴ ሳትወልድ እርግማኑን ታንሳልኝ። ከአንተ የተሻለ አንደበት ያለው ሰው አላውቅም።»

አየህ? ከደብረ ታቦር ሰው ሁሉ እኔን መረጠ። እምቢ ማለት እችል ነበር። እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «እሺ፣ ቅዳሜ እንሂድ» አልኩት።

እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። የጉና ብርድ ቃል ከአፍ ሲወጣ ያደርቀዋል፤ በጋ ላይ ሰው የክረምቱን ወሬ ከመሬት ይለቅማል ይባላል፣ ማለትም እኔ እላለሁ። መንገዱን ሁሉ እንዲህ እየቀለድኩ ወጣሁ፤ ዝም ካልኩ የምናገረውን ስለማውቅ። ደጃፏ ልንደርስ ስንል በአገሩ ወግ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚገባ አስታወስኩት። ኑሩ አንድ ድንጋይ አነሳ። እኔ አየሁትና «ይቺ እርግማን አታነሳም፣ ይቺ ምስር ውስጥ የምትገኝ ናት» ብዬ ጣልኩበት። ተለቅ ያለውን መርጬ በማጅራቱ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። በእነዚህ ሁለት እጆቼ። ይህንን ስትሰማ ፊትህን ብታዞርብኝ አልፈርድብህም።

መምህርቷ የምትኖርበት ግቢ ባለቤት አያ ድረስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከበሩ ላይ ቆመው ሁለታችንን አዩ።

«ከሁለታችሁ ጥፋተኛው የትኛው ነው?» አሉ።

«ድንጋዩን የተሸከመው ነዋ» አልኩ።

ኑሩን ትኩር ብለው አዩት። «እሱስ የጥፋተኛ ፊት የለውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱ ግን በዚህ ብርድ አልቦዎታል።»

«ዳገቱ ነው» አልኩ።

መምህርቷ ወጣች። ኑሩ ድንጋዩን ተሸክሞ ደፋ ብሎ ቆመ። እኔም ተናገርኩ። አንደበቴ እንደዚያ ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ሰው መሳሳቱን፣ ልጁ ሳያውቅ እንዳጠፋ፣ ሚስቱ ወሯ እንደገባ፣ ሁሉን አሳምሬ ተናገርኩ። በመጨረሻም «እህቴ፣ ስለ ሚካኤል ብለሽ ይቅር በይው» አልኩ። ስለ ሚካኤል! ይህን ቃል ያወጣ አፍ ይኸው ዛሬም ይበላበታል።

እሷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። የኑሩ አንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለት።

«እኔም አፌን ጠልቼው ነው የሰነበትኩት» አለችው። «ነፍሰ ጡር እንዳለችህ አላወቅሁም። ካወጣሁት ጀምሮ እረፍት የለኝም፤ አንተም ይቅር በለኝ። ልጅህን በጤና ያሳድግልህ፣ ከልጅህ አይለይህ።» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ልጄ ዘንድሮ ፊደል ትቆጥራለች። እኔ ደግሞ እዚህ የሰው ልጅ አስቆጥራለሁ። ሌላ ምን አለ፣ ዓመቱ ያልፋል።»

ልብ በል። አንዱ ያላጠፋውን ይቅርታ ጠየቀ። አንዷ ተበድላ ሳለ ይቅርታ ጠየቀች። ሁለቱም አለቀሱ። በመካከላቸው፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ አጥፊው ሽማግሌ ሆኖ ቆሟል። «አንቱንም እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ «እንዲህ ያለ አስታራቂ ባይኖር ተቀያይመን ልንቀር ነበር።» አንቱ! በሕይወቴ አንቱ ያለኝ ሰው ጥቂት ነው። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። ኑሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግቦ ሲበላ አየሁት። የእኔ ድንች ጉናን አክሎ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ አያ ድረስ ውሃ አቀበሉኝ።

ስንመለስ ኑሩ ቁልቁለቱን እንደ ልጅ እየዘለለ ወረደ። «ጋሽ ታዴ፣ ይህን ውለታህን በምን እመልሰዋለሁ?» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ቦታ፣ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። መንገዱ ጭር ያለ ነው። «ኑሩ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ብዬ ጀመርኩ። ቆሞ ጠበቀኝ። ያ የታረቀ ፊቱ፣ ያ ብርሃን የመሰለ ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ። «ድንጋዩን እዚያው ረሳኸው እኮ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሚስቱ በሰላም ወለደች፣ ወንድ ልጅ። መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው። ልጁን እጄ ላይ አስቀምጦ «በአንተ አንደበት ነው የተረፈልኝ» አለኝ። መምህርት ስመኝም በሚቀጥለው ዓመት ተዛውራ ሐሙሲት ገባች። ስለዚህ ምን ጠፋ ልትለኝ ትችላለህ። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬዋለሁ፤ ልጁ ተወለደ፣ ሴትዮዋ ተዛወረች፣ ምን ጠፋ? የጠፋው አንድ ዓመት ነው። አንዲት ልጅ ፊደል የምትለይበት፣ የፊት ጥርሷ የሚወልቅበት፣ ስሟን መጀመሪያ የምትጽፍበት ዓመት። እናትየዋ ያንን አላየችም። ያንን ማንም አይመልስላትም። የኑሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም እስከ ዛሬ ከማኅደሩ ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ ለዕድገት ሲወዳደር ከፊቱ ተነበበችበት። ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ክፍል ተቀምጬ ነበር።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። አላወቅሁም አልልም፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አውቄ ነበር። ለጽዋው ፍቅር ነው አልልም፤ ቅዱሱን በዚህ አላስገባውም። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ እሱ እንኳ ኔትወርክ አያውቅም። ማሽኑ ያደረገው ያዘዝኩትን ብቻ ነው። የጻፍኩት እኔ፣ ያልደወልኩት እኔ፣ የቀለድኩት እኔ፣ ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ይቅርታ በፊቴ ተሰጥቶ አለፈ። አንዱም የእኔ አልነበረም፤ ማንም አልሰጠኝም፣ ማንም መስጠት እንዳለበት አላወቀም።

ይህን ጽሑፍ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚያነበው ኑሩ ነው። ከዚያ መምህርት ስመኝ ዘንድ ሐሙሲት እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደብዳቤውን ከኑሩ ማኅደር አውጥተው ይህንን በእኔ ማኅደር ያስገቡ። ሽማግሌ አልልክም፤ ሽማግሌነትን ምን እንዳደረግኩት አሁን ታውቃለህ። ብቻዬን እመጣለሁ።

አንተም ኑሩ፣ ልብህን አውቀዋለሁና አንድ ነገር ልለምንህ። ቶሎ ይቅር አትበለኝ። ገና ሳልጨርስ «ተወው ጋሽ ታዴ፣ ያለፈ ነው» ልትለኝ ነው፣ ታውቅበታለህ። አትበለኝ። በርህ ላይ አቁመኝ። አንገቴ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዝም በለኝ፤ እኔም ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳልቀልድ ልቁም።